አውጭልኝ ያሉኝ ድሪቶ

ይህ የሆነው አምና ክረምት ወረታ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ረስቶታል፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

የርብ ወንዝ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ያለው የአማቴ፣ የባሌ እናት፣ ቤት ውሃ ሲገባው እኛ ጋ መጡ። ከዕቃቸው ሁሉ ያተረፉት አንድ ድሪቶ ነበር። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ድሪቶ ሲባል የማውቀው ቡትቶን ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደራርቦ የተሰፋ፣ ውሃ የጠጣ ነገር። ሽታው ቤቱን ሞላው። ይሉኝታ ይዞኝ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። አማቴ "ልጄ፣ ያችን ድሪቶ አውጭልኝ" አሉኝ። እሰይ፣ ራሳቸው ገላገሉኝ ብዬ በደጅ ለሚያልፍ ባለጋሪ ሰጠሁት። "ለፈረስህ ይሁንህ" አልኩት። መርቆኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ "ድሪቶዬ ደረቀች?" ብለው ጠየቁኝ።

ክው አልኩ። ለካ አውጭልኝ ያሉኝ ፀሐይ ላይ አስጭልኝ ማለታቸው ነው። እሳቸው መልሴን ሳይጠብቁ፣ ምንም ሳይጠረጥሩ ስለ ድሪቶዋ ያወሩኝ ጀመር። ውስጧ እናታቸው የፈተሉት ጋቢ ነው። ላይዋ ላይ የሰርጋቸው ቀሚስና የሟች ባላቸው ካኪ አለ። ጫፏ ላይ ደግሞ በሰባት ዓመቱ በንዳድ የሞተው ልጃቸው የአንለይ ሰማያዊ ሸሚዝ። "ፎቶ እንኳ የለው። በጣቴ ስነካት ነው መልኩ የሚመጣልኝ" አሉ።

እንዴት ከቤት እንደወጣሁ አላውቅም። ጫማዬን ጭቃ በላው። በየሩዝ ወፍጮው፣ በየጋሪ ተራው እያለቀስኩ ስጠይቅ ሰው ልጅ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ይፈልግ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባለጋሪውን አገኘሁት። ድሪቶውን ለሁለት ቀዶታል። ግማሹ በላብ ርሶ ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው። "ሌላውን ወደ ሐሙሲት ለሚሄድ ባለጋሪ ሰጠሁት። ስሙን አላውቀውም" አለኝ።

ያገኘሁትን ይዤ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አማቴ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት። ደገሙት። ከዚያ ቀስ ብለው አጠፉት።

"ተነሽ ልጄ። አስጭልኝ ማለት ሲገባኝ አውጭልኝ ያልሁ እኔ ነኝ" አሉኝ።

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። የአንለይ ሸሚዝ ያለበትን ግማሽ ሐሙሲት ተመላልሼ አጣሁት። አሁንም የጋሪ ፈረስ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ጀርባው ላይ ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ እፈልጋለሁ።