የአጎቴ ኢድሪስ ቢጫ መስመር

ቀለም በሚቀባበት ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ይይዘኝና እግሬ ሳላዘው ይቆማል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜ፣ ሽታውን እየማግኩ፣ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ወደነበረው ጠባብ ግቢያችን፣ ከቧንቧው አጠገብ ተገልብጦ ወደቆመው የአባቴ ብስክሌት እመለሳለሁ።

ናይሮቢ የገባነው በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ድሬዳዋ የነበረውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቁን ዘግቶ፣ እናቴንና እኔን ይዞ በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ሲሻገር፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ መርጦ፣ ፈታትቶና በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣው ያንን ብስክሌት ነበር። እናቴ «ሰው ድስቱን ይዞ ይሰደዳል፣ የእኔ ባል ጎማ ይዞ ተሰደደ» እያለች ትስቅበት ነበር። ብስክሌቱ ከአባቴ ዕድሜ የማያንስ አሮጌ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ብረት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ መስመር ነበረው። መስመሩን በእጁ የሳለው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ኢድሪስ ነው።

ከአገር ሳንወጣ ኢድሪስን የቀበሌ ሰዎች ከሱቁ በር ላይ ወስደውት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አለ ወይም ሞተ የሚል አልተገኘም። ከአገር ቤት የሚመጡ ነጋዴዎች ስለ እሱ ሲጠየቁ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «አላህ ያውቃል» ይሉ ነበር። እናቴ ነገሩ ገብቷት፣ ሰደቃ አውጥተን ለሐዘን እንቀመጥለት ብላ በለመነችው ቁጥር አባቴ «መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስም» ይላት ነበር። መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ ደግሞ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ሐዘኑን ቆልፎ፣ ብስክሌቱ ላይ ሌላ ልማድ አበጀ። ቀለሙ በተጫረና በተላጠ ቁጥር ማንንም አያስነካም፣ እሱም አይነካውም፣ «ተዉት፣ ኢድሪስ ሲመጣ ያድሰዋል» ይል ነበር። በዝናቡ ወራት ኢስሊ ከከፈተው ሱቅ ሲመለስ ግን ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ይጠርግለት ነበር። እኔን እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆ ጠርጎኝ አያውቅም።

አንድ ዓመት ዝናቡ አልፎ የናይሮቢ ብርድ ገባ፤ ፀሐይ ለሳምንታት የማትታይበት፣ ካፊያው ልብስ የማያስደርቅበት ጊዜ ነው። ያን ዓመት ረመዳን ከብርዱ ጋር ገጠመ። ኢድ ሲቃረብ እናቴ የቤቱን ነሐስ ሁሉ፣ ትሪውንም ማንቆርቆሪያውንም፣ ግቢ አውጥታ በተነፋ አመድና በሎሚ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ትፈትግ ነበር። እናቴ አንዴ ከጀመረች ማቆም የሚባል ነገር አታውቅም። ትሪው አልቆ አመዱ ሲተርፋት ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ አረፈ። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ሄዶ ነበር። «የዘሃራ አባት ለኢድ ሲደርስ እንደ ሙሽራ አምሮ ያገኘዋል» አለችኝ፣ አባቴን እንደ ልማዷ በእኔ ስም እየጠራች፣ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

ጨርቁ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ እናቴም እድፉ እየለቀቀላት መስሏት ይበልጥ በረታች። ውኃ ስትደፋበት ግን ከላይኛው ብረት ግማሹ ላይ ቢጫው መስመር የለም፣ አረንጓዴው ሳስቶ ከሥሩ ቀዩ ቀለም ወጥቷል፣ አንዳንድ ቦታም ባዶው ብረት ያበራል። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ በአጥሩ አሻግራ አይታ «ሉባባ፣ ቅንድብ ልትኩይ ብለሽ ዓይን አጠፋሽ እኮ!» አለቻት። እናቴ እርጥቡን ጨርቅ እንደጨበጠች መሬት ላይ ተቀመጠች። ፈራሁ፣ እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅም ነበርና።

አባቴ የደረሰው በኢድ ዋዜማ ነው። ብስክሌቱን አየ፣ መስመሩ በተቋረጠበት ላይ ጣቱን አሳለፈ፣ ከዚያ «ለኢድ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» ብሏት ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሄደ። ቢቆጣ በተሻለን ነበር። በማግስቱም ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደግፎ ትቶት በእግሩ ወደ ሶላት ሄደ።

ከኢድ በኋላ ባዶው ብረት በካፊያው ይዝግ ጀመር። የሰፈሩ ፉንዲ፣ ጎማ የሚጠግንልን ካማው፣ «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ሁሉንም ልፋቀውና አዲስ ቀለም ልርጭበት» ቢለው አባቴ ያችኑ መልሱን ሰጠው፤ ኢድሪስ ሲመጣ ያድሰዋል። እናቴ ግን ጥፋቱ የሷ ስለነበር ዝገቱን በየጠዋቱ እየወጣች ታይ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«የዘሃራ አባት፣ አንተ ትታገሣለህ፣ ብረት ግን አይታገሥም። ኢድሪስ ቢመጣስ ዝገት ልታሳየው ነው?»

አባቴ እጁን ታጥቦ ተነሣ።

ብርዱ ወጥቶ የጃካራንዳው ዛፍ አበባ መንገዱን ወይን ጠጅ ሲያለብሰው፣ አንድ እሑድ አባቴ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለምና አኳራጅ ገዝቶ መጣ። ዝገቱን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ የተላጠው ቀለም ጠርዝ ጣት እንዳያደናቅፍ አሳሳው፣ የእጅ ቅባት እንዳይቀርበት በአኳራጅ ወለወለው፣ ባዶውን ብረት ቀዩን ቀለም አልብሶ እስኪደርቅ ጠበቀ። አረንጓዴው አልገጥም ሲለው እናቴ፣ የጥልፍ ክር ስትመርጥ ዓይኗ የማይስት፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «ጥቁር ጨምርበት… ኧረ በቃ!» እያለች አስማማችለት። ስስ ስስ አድርጎ እየደራረበ፣ በየመሐሉ እያደረቀ፣ ሌላ እሑድ መጣ።

የቀረው መስመሩ ነበር። ቀጭኑን ብሩሽ ቢጫው ውስጥ ነክሮ የኢድሪስ መስመር ከተቋረጠበት ጀመረ። እናቴ ብስክሌቱን በሁለት እጇ ያዘችለት። የኢድሪስ መስመር የተወጠረ ክር ነው፣ የአባቴ ግን አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል።

«እኔ ልጨርሰው?» አለችው።

«አይ። የወንድሜን ሥራ እኔ ነኝ የምጨርሰው።»

ጫፉ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋደመና፣ ወደ ማናችንም ሳይዞር፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው፣ «አላህ ይርሐምህ፣ ኢድሪስ» አለ። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን አፍና የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው፤ እትዬ ከድጃ ጫማ እንኳ ሳታደርግ እየሮጠች መጣች። በዚያ ሳምንት ሰደቃ ወጣ፣ የኢስሊ ሐበሻ ግቢያችንን ሞላው፣ አባቴም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «አላህ ያጽናህ» ሲሉት «አሚን» አለ። ትንሹ ዝናብ የጀመረው ሰዉ ተበትኖ ሳያበቃ ነው።

ዛሬ የምኖረው እዚያው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ነው፣ መርዶም የሚደርሰኝ በስልክ ነው። በቅርቡ ድሬዳዋ የነበረች አክስቴ ስትሞት ዜናው ማታቱ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ ስጠብቅ ደረሰኝ፣ ከፎቶዋ ጋር። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ከየአገሩ ያሉ ዘመዶች ሁሉ በጽሑፍ አጽናንተውኝ፣ እኔም ለሁሉም አመስግኜ ጨርሼ ነበር። አባቴ የሚያረዳው ሰው አጥቶ፣ ለራሱ ራሱ እስኪያረዳ ድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል። እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራ ተሳፈርኩ፤ እሱ ያን እሑድ፣ ቢጫው ቀለም ጣቶቹ ላይ እስኪደርቅ ድረስ፣ እጁን ለመታጠብ እንኳ አልተነሣም ነበር።