መብራት ሲበራ የምንባባለው ሰላምታ

ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር ከየት እንደ መጣ ካልተነገረኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ይህን ጠባዬን ያባባሱት ጎረቤታችን አባባ ኢድሪስ ናቸው። አርጎባ ሸማኔ ነበሩ፤ ግቢያቸውን ከግቢያችን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ከፍ ብሎ፣ ቆላው ወደ ዳገቱ መውጣት ከሚጀምርበት ላይ ነው። ያኔ ጣሊያን አገሩን ይዞ በጣርማ በር በኩል መንገድ ሊያወጣ ተራራውን በድማሚት ያስፈነቅል ስለ ነበር፣ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የድማሚቱ ድምፅ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማን ነበር። ወይም ነጎድጓድ ራሱን ድማሚት ነው ብለን ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

አባባ ኢድሪስ መግሪብ ሰግደው ይመጡና ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። እናቴ የማሽላ አገዳ ትማግዳለች፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ጢማቸውን እያቀላው፣ እሳቸው ወግ ይጀምራሉ። ወጋቸው እንደ ሌሎች ሽማግሌዎች ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሳይሆን በየቀኑ ስለምናየውና ስለምንበላው ነገር ነበር። አንድ ምሽት በርበሬ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን፣ የጥንት ሰዎች ወጥ ቀይ እንዳልነበረ ሲናገሩ እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች።

«ኧረ አባባ፣ ውሸትዎን ነው! ታዲያ በምን ይበሉ ነበር?»

«እኔ ምን ላድርግሽ፣ ልጄ? ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበራቸው። በቆሎንስ የባሕር ማሽላ እንለው የለም? እሱም እንግዳ ነው።»

«ማን ነገረዎት?» አልኩ። ይህን ሁልጊዜ እጠይቅ ነበር።

«የነገረኝን ሰው ሄደህ ጠይቀው። መቃብሩን አሳይሃለሁ።»

በዚያው ሰሞን እኔም የራሴን ጥያቄ አመጣሁ። ሲመሽ ኩራዝ የለኮሰ ሰው «እንደምን አመሻችሁ» ይላል፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ብንውልም፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሰላም ብንባባልም፣ ሁላችንም እንደ አዲስ እንመልሳለን። ለምን? አባባ ኢድሪስ እሳቱን እያዩ ብዙ አሰቡና «ይህንን አላውቅም» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ስለ ነበር አልረሳሁትም።

አባቴ ያኔ ከአርበኞች ጋር በገደሉ ላይ ነበር። እንዳይፈለግ ሲባል ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ እናቴ ከል ለብሳ ነበር። እውነቱን ከእኛ ሌላ የሚያውቁት አባባ ኢድሪስ ብቻ ነበሩ። ዝናሙ ሲያቆም ግን አባቴን ንዳድ ያዘውና ጓደኞቹ በጨለማ ተሸክመው አመጡት። በጓዳ፣ ከሰሌን መጋረጃው በስተኋላ አስተኛነው። ቢያዝ ስቅላት እንደሚጠብቀው እኔም አውቅ ነበር።

ገብቶ ሦስት አራት ቀን ቢሆነው ነው፣ ጀንበር ጠልቃ አባባ ኢድሪስም መጥተው እንደ ተቀመጡ፣ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን እንደ ያዘ በሩን ገፍቶ ገባ። ጓደኞቹ ውጭ ቀሩ።

«ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«የምታየን ነን፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

«ምን ይታየኛል በዚህ ጨለማ? መብራት አብሪ!»

እናቴ ኩራዙን ለኮሰች። ሆን ብላ ሰላምታውን ዋጠችው፤ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻለሁ። ነገር ግን ባንዳውም የዚሁ አገር ልጅ ነበርና፣ ብርሃኑ ገና ቦግ ሲል ሳያስበው «እንደምን አመሻችሁ!» አለ።

አባባ ኢድሪስ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እናቴና እኔ «እግዜር ይመስገን» አልን። ከጓዳ ደግሞ ትኩሳት ያጎረነነው ድምፅ «እግዜር ይመስገን፤ እንደምን አመሸህ» አለ።

የኩራዙ ነበልባል ብቻ ሲንቀሳቀስ ትዝ ይለኛል። ባንዳው ጠመንጃውን ወደ መጋረጃው አዞረ።

«ሰማኸው?» አሉ አባባ ኢድሪስ፣ ወጋቸውን እንደሚቀጥሉ ሁሉ ረጋ ብለው። «እኔ ብቻ የምሰማው መስሎኝ ነበር።»

«ማነው?»

«የዚች ልጅ ባል ነዋ። ከሏን አታይም? ቀኑን ሙሉ አብረን ውለን፣ መብራት ሲበራ እንደ አዲስ ሰላምታ ምን ያደርግልን ነበር፣ ልጄ? ለእነሱ እኮ ነው። ሲጨልም የቤቱ ሙታን ይገባሉ። መብራቱን ሲያዩ ሰላም ተብለው ነው የሚሄዱት። የአንተ እናት ይህን አልነገረችህም?»

«እናቴ ሞታለች» አለ ባንዳው።

«እንግዲያ ዛሬ ማታ ስታበራ አድምጥ።»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ የምሯን ነበር። ሰውየው መጋረጃውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ወደ ጓዳው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ነፍስ ይማር» አለና ወጣ።

ኮቴያቸው ከራቀ በኋላ አባባ ኢድሪስ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከጓዳ አሜን ይላል ብዬ ልሞት ነበር!» አሉ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች።

ሰውየው አምኖ ይሁን አውቆ የተወን፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። አባባ ኢድሪስም ታሪኩን እዚያው ፈጥረውት እንደ ሆነ ደጋግሜ መርምሬያለሁ። ሰውየው ሲወጣ «አስተግፊሩላህ» ብለው ምሕረት መለመናቸው ውሸት ስለ ተናገሩ ይመስላል፤ ግን ስለ በርበሬም ካወሩ በኋላ ይሉት ነበር። «አላውቅም» ያሉኝም ልጅን በሙታን ላለማስፈራራት ሊሆን ይችላል። ልጠይቃቸው እያሰብኩ እሳቸው ሞቱ።

አምና ጀውሃ፣ መኪና የሚቆምበት ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ መብራት በራ። ሁላችንም እንደምን አመሻችሁ ተባባልን። አጠገቤ የነበረ አንድ የካራቆሬ ወጣት ለጓደኛው «ይህ ለሙታን ነው፤ ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው» አለው። ማን ነገረህ ልለው ከአፌ ደርሶ ተመለሰ።

አባቴ ከንዳዱ ድኖ፣ ነፃነትንም አይቶ ኖሯል። መብራት ሲበራ ሆን ብሎ ዝም ይልና፣ «እኔ እንኳ የሞትኩ ነኝ» እያለ ያስቀን ነበር። ዛሬ በእውነት ሞቷል። ማታ ኩራዙን ስለኩስ፣ ማረጋገጫ እንደሌለኝ እያወቅኩ፣ ፊቴን ወደ ጓዳው መልሼ እንደምን አመሻችሁ እላለሁ፤ ከዚያም ኩራዙን ከማስቀመጤ በፊት ትንሽ አደምጣለሁ።