ተምር የጾም ነው?

«ስኳር ሳይኖርብሽ አይቀርም፤ ኢንሱሊን ሰውነትሽ ውስጥ በደንብ እየሠራ አይደለም» የተባልኩት በ2009 ዓ.ም.፣ በሁዳዴ ጾም ነው። የምሠራው ሳዑዲ፣ አል ኾበር፣ አንድ ቤት ነበር። የነገረችኝ የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ኑራ ናት፤ ሐኪም ናት። ዛሬም ተምር ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ኑራ የጤነኛ ሰው ደም ለጥናት ትፈልግ ነበርና እሺ አልኳት። ክሊኒክ ወስዳ «ሳይማ?» አለችኝ፤ ጾመሻል ወይ ማለቷ ነው። «አይዋ፣ ሳይማ» አልኩ። ደም ቀዱ፣ ጣፋጭ ውሃ አጠጡኝ፣ እያረፉ ደጋግመው ቀዱ። ኢንሱሊን ስኳሩን ምን ያህል እንደሚያወርደው ኮምፒውተር በሒሳብ ይገምታል አሉ። ውጤቱ ያ ሆነ።

ማዳም ስትሰማ «በሽተኛ አላሠራም፤ ከተረጋገጠ ኹሩጅ» አለች። ወደ አገርሽ ትሸኛለሽ ማለቷ ነው። እናቴ የምትኖረው በእኔ ነው።

ኑራ እንደገና ላናግርሽ ብላ ስትቀጥረኝ፣ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት የወሎ ልጅ አሠሪዋን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ አጠገቤ ነበረች።

«ምን ሆነሽ እህቴ?»

ነገርኳት።

«ጾመሽ ነው የተመረመርሽው?»

«እንዴ! ሁዳዴ አይደል?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ የናንተን ጾም ነው? የተመረመርሽ ቀን ጠዋት ምን ቀመስሽ?»

«ዳቦ በተምር፣ ሻይም። ሥራው ስለሚከብድ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። ሥጋና ወተትማ በአፌ አልዞረም!»

ሳቋ አመለጣት። «ያ ረቢ! እነሱ ጾም የሚሉት ባዶ ሆድ ነው። ተምር ለጌታ የጾም ነው፤ ለመርፌ ግን የፍስክ ነው!»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ኑራ ስትወጣ ልጅቷ ተነሥታ በዐረብኛ አስረዳችልኝ። ኑራ ግንባሯን ያዘች። «ስሌቱ የሚነሣው ከባዶ ሆድ ነው። መነሻው ከተሳሳተ የኋላው ሁሉ ይሳሳታል፤ አጣርቼ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች።

በማግስቱ ከውሃ በቀር ምንም ሳልቀምስ ተመረመርኩ። ተመስገን፣ ጤነኛ ነኝ። ማዳምም ኹሩጁን ዳግም አላነሣችው።

ኮሪደሩ ላይ በተገናኘን ዕለት ግን፣ ለኑራ አስረድታ እንደጨረሰች፣ ሐኪም አሮጊቷን ጠርቷቸው ልጅቷ ወንበሩን እየገፋች ገባች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። እስካሁን ሻማ ሳበራ «የወሎዋን እህቴን አስባት» እያልኩ ነው የምጸልየው።

ያን ጠዋት እዚያ ኮሪደር ላይ የነበራችሁ፣ ሳቋን የሰማችሁ፣ እባካችሁ ስሟን ንገሩኝ። በስሟ ልጸልይላት።