የሁለት ጾም ወተት

ለልጅ ልጄ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በከፈትሁ ቁጥር ያ ጣፋጭ፣ ደረቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ንዴቴ ይቀሰቀሳል። ከወተቱ ጋር ጸብ የለኝም፤ እሱ አሳድጎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ጸቤ ከቀጂዋ ጋር ነው።

በድርቁ ወላጆቻችን ካለቁ በኋላ እኔን ከሐርቡ፣ ዘነቡን ከደላንታ አምጥተው ደሴ የሕፃናት ማሳደጊያ ሲያስገቡን አንድ አልጋ ደረሰን፤ የጦሳ ብርድ ሲወርድብን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን፣ የቀዘቀዘ እግሯን እግሬ ላይ እያሞቀች፣ እሷ በማርያም እኔ በነቢ እየማልን ስናወራ እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ዋናዋ ሞግዚት ዘሃራ ግን «ጓድ» በሉኝ የምትል፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ጾም ኋላ ቀርነት ነው ብላ በጠዋት የዱቄት ወተት ቀድታልን፣ ጨርሰን ኩባያውን እስክንገለብጥ ከፊታችን የማትነቃነቅ ሴት ነበረች።

እኛም ዘዴ አላጣንም። ዘሃራ ፊቷን ስታዞር ኩባያ እንለዋወጣለን፤ በሁዳዴ የዘነቡን ወተት እኔ እጠጣላታለሁ፣ በረመዳን የኔን እሷ ትጠጣልኛለች፤ በዚህ የተነሳ በጾም ወራት ተራ በተራ እንወፍር ነበር።

ጉዱ የመጣው ሁለቱ ጾሞች የተገጣጠሙ ዓመት ነው። ጠጪ ጠፋ። ዘነቡ የሁለታችንንም ወተት በጣሳ እየደበቀች፣ ግቢው መሀል በአበባ የተሠራው ቀይ ኮከብ ላይ ትደፋው ጀመር፤ ኮከቡም ሰንብቶ ኮመጠጠ፣ ዝንብም ወረሰው። ዘሃራ አድፍጣ ያዘቻት።

«አንቺ አሻጥረኛ! የሕዝብ ወተት ለዝንብ?»

«ዝንብ አይጾምማ፣ ጓድ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ሳቅ ናት ዘነቡን ያስጠፋችብኝ። ዘሃራ የዘነቡን አፍንጫ ይዛ ወተቱን ጉሮሮዋ ውስጥ ገለበጠችባት፤ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ወዳለው ማሳደጊያ በሚወርድ መኪና ላይ አሳፈረቻት። ዘነቡ አላለቀሰችም፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን ይመስል አገጯ ላይ የደረቀውን ወተት በእጅጌዋ እየጠረገች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

አድጌ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር መጀመሪያ የሄድሁት ወደዚያ ማሳደጊያ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ልጆቹ ተበትነዋል፤ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል። ጠባቂው ስሟን እንኳ አልሰማም። ከዚያ ወዲህ አላህ ባልም ልጅም ሰጠኝ፣ ምስጋና ይድረሰው፤ እግሯን የማሞቅላት እህት ግን አልተካልኝም።

ባለፈው ሳምንት ዘሃራ ደጄ ላይ ቆመች። አርጅታለች፤ ተሸፋፍናለች፤ መስበሃዋን ትቆጥራለች። ለሐጅ ልትሄድ ነው፤ ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ዞሮ አውፍ ያስብላል፤ አላህ የራሱን ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልተወው አይምርም። ይህን ቀን ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ።

«ሰዓዳዬ፣ ልጄ፣ ጊዜው ነው ያሳሳተኝ። አውፍ በይኝ።»

«የኔን አውፍ ብያለሁ፣ እትዬ ዘሃራ። የዘነቡን ግን ራሷን ይጠይቋት።»

«እሷን የት አገኛታለሁ?»

«እኔም እሷን ስፈልግ ነው እዚህ ያረጀሁት» ብዬ በሩን ዘጋሁት።