ሞተሩ ዝም ሲል

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከሩቅ ለይቼ አውቃለሁ። ጎማና ብረት አብረው ሲያሩ የሚሸት፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ውሃ ቢጠጡበትም የማይወርድ ሽታ ነው። በቅርቡ መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ መንገድ ለመሻገር ቆሜ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ጎማው ሥር እየጨሰ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ከፊቱ ያለውን ባለባጃጅ ከነዘር ማንዘሩ እየሰደበ ጥሩምባውን ሲያንባርቀው፣ እኔ ሽበት ማውጣት የጀመርኩ ሴትዮ እዚያው እንደቆምኩ ተመልሼ ትንሽ ልጅ ሆንኩ። ያ ሽታ በልጅነቴ የአባቴ ሽታ ነበር። ገላውን በሳሙና ታጥቦም እሱኑ ይሸት ነበር፣ እኛም አንገቱ ሥር ገብተን እንደ ሽቶ እንስበው ነበር።

ቤታችን ከኲሓ ወደ መቐለ የሚወርደው ቁልቁለት ሊያበቃ ሲል፣ ከአስፋልቱ ዳር ነበር። አባቴ ተሳቢ ያለው መኪና እየነዳ ከኮምቦልቻ መቐለ ሲመላለስ ነው እናቴን ደሴ ላይ ያገኛት፤ እሷ ትግርኛውን እስክትለምድ እየተባለ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ቀረ፣ እሱ ግን ሲቆጣም ሲያባብልም ወደ ትግርኛው ይሄድ ነበር። ልጆቹ ታላቅ እህቴ ለታይና እኔ ብቻ ነበርን። ከጉዞ ሲመለስ አመጣጡን የምናውቅበት ምልክት ነበረን፤ ከላይ ከአፋፉ እያጓራ የመጣው ሞተር ድንገት ዝም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጥሩምባው ይለቀቃል፣ ያን ጊዜ እናቴ የእግር ውሃውን ትጥዳለች፣ ለታይ እኔን በእጄ እየጎተተች ወደ አስፋልቱ ትሮጣለች። ሞተሩ ለምን ዝም እንደሚል ያኔ አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት አንድ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ አቧራ ማንሳት በጀመረበት ሰሞን አባቴ እናቴንና እኔን ከኲሓ አሳፍሮን ሲመለስ፣ አፋፉ ላይ እንደደረስን ማርሹን መትቶ ዜሮ ላይ ጣለው፣ ሞተሩን ከጎማው ለያየው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ የስኳር ጆንያ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይንከባለል ጀመር፣ ነፋሱ በመስኮቱ ያፏጫል፣ እናቴ በአንድ እጇ የበሩን እጀታ በሌላው እኔን ይዛ «ማርሽ ውስጥ አግባው! ልጅ ይዘሃል እኮ!» እያለች ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል። ከጉዞው የተረፈ ነዳጅ የሹፌሩ ነበርና ቁልቁለት ላይ ሞተር ማስጮህ ለሞኝ ነው ይል ነበር። የመንገዱ ዳር ላይ ሠላሳ የሚል የፍጥነት ምልክት ተተክሏል፤ እሱን ሲያልፍ ኮፍያውን አንስቶ እጅ ይነሳው ነበር። «ይሄ ለአህያ የተጻፈ ነው!» አለና ፍርሃቴን አይቶ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። «ኣጆኺ ጓለይ፣ መንገዱ ራሱ ያወርደናል።» ጓለይ ሲል ልጄ ማለቱ ነው፣ ኣጆኺ ሲል ደግሞ አይዞሽ፤ እኔም አይዞሽ ተብያለሁና ሳቅኩ።

ጥር ሲገባ ሰርግ ይበዛል፣ አባቴም ሰርግ ይወድ ነበር፤ ጥሪውን ሳይሆን መንገድ ላይ የሚያገኘውን። በአበባ ያጌጡ መኪኖች ተሰልፈው በዝግታ ሲሄዱ ካየ ከኋላ ተጠግቶ፣ መብራቱን እያበራና እያጠፋ ጎማቸውን ሊረግጥ እስኪደርስ ያጣብቃቸው ነበር። አንድ ጊዜ መሃላቸው ገብቶ የሙሽራዋን መኪና ከአጃቢዎቿ ቆርጦ ለብቻዋ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሓወልቲ ድረስ እንደነዳት፣ ሙሽራዋም በኋላ መስኮት እያየችው እንዳለቀሰች ሲያወራልን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ጠባብ ድልድይ ላይ ቅድሚያ መስጠት ለእሱ ሱሪ ከማውለቅ አይለይም ነበር። ቅድሚያ የሚሰጥ ሹፌር ሴት ነው ይል ነበር፤ ይህንንም የሚለው ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ከበውት፣ አንዷ እግሩን እያጠበችለት ነው።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ጨዋታው ኩሬ ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት ዝናቡ ውሃ የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ነበረና፣ አባቴ በዚያ ሲያልፍ ሰው ካለ መኪናውን ወደ ዳር ያስጠጋ ነበር እንጂ አያርቅም። አንድ እሁድ ጎረቤታችን ኣደይ ምሕረት፣ ባል የሌላቸው አሮጊት፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከራስ እስከ እግራቸው ጭቃ አለበሳቸው። ሴትዮዋ አልተራገሙም። ነጠላቸውን ዝቅ ብለው አይተው ቆሙ፣ እኛ ደግሞ በራችን ላይ ሆነን ሳቅን። ለታይ ብቻ አልሳቀችም፤ ሄዳ ነጠላውን ከላያቸው ተቀበለችና አጥባ፣ ከምድጃ ዳር አድርቃ መለሰችላቸው። ለአባታችን ግን ስለዚያ ነገር ቃል አልተነፈሰችም። ትወደው ነበራ! ከሁላችንም ይልቅ እሷ ናት የምትወደው።

ከዚያ ነሐሴ ይመጣል። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ አሸንዳ ነው፤ ልጃገረዶች ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ከተማውን ያጥለቀልቁታል። መኪና ያስቆማሉ፣ ይከቡታል፣ ይዘፍኑለታል። በዓመት ውስጥ ሹፌር ሁሉ ጨዋ የሚሆንበት ቀን ቢኖር ያ ነበር። አባቴም ለዚያ ቀን እንደምንም ብሎ ከጉዞ ይደርስ ነበር፤ ከላይ ጀምሮ ጥሩምባውን በከበሮው ምት እየነፋ ወርዶ እኛ ፊት ያቆማል፣ ለታይና ጓደኞቿ መኪናውን ከበው ይጨፍሩለታል፣ እሱም ጋቢናው ውስጥ ሆኖ አንዴ እሱ አንዴ ከበሮው እየተቀባበሉ ሰፈሩን ያናውጡታል። ልጆቹ ሁሉ በእኛ አባት ይቀኑብን ነበር።

በዚያ ዓመት ቡድኑን የምትመራው ለታይ ነበረች። ከበሮውን ከአንገቷ አንጠልጥላ አስፋልቱ ዳር ከፊት ቆማለች። የእኔ ሣር ከወገቤ ተፈትቶ ወርዶብኝ እናቴ በራችን ላይ ተንበርክካ እየቋጠረችልኝ ነበር። ከላይ የሞተሩ ማጓራት መጣ፣ ዝም አለ። ከዚያ ጥሩምባው ተለቀቀ፤ እንደ ሁልጊዜው ከከበሮ ጋር የሚሄድ ግን አልነበረም፣ አንድ ረጅም፣ የማይቆረጥ ጩኸት ነበር። የእናቴ እጅ ቋጠሮው ላይ ደረቀ። ለታይ ወደ እኛ ዞራ እየሳቀች «ኣቦይ ዘንድሮ ዜማው ጠፋው!» አለችና፣ ምቱን ልታስይዘው ከበሮዋን ከበፊቱ አጠንክራ እየመታች ልጃገረዶቹን አስከትላ አስፋልቱ መሃል ገባች።

መኪና ሲጮህ የሰማ ሰው ይሸሻል፤ እኛ ሰፈር ግን በዚያ ቀን ጥሩምባ የሰማ ይቀርብ ነበር። በሌላውም ቀን ቢሆን ጥሩምባ በከተማችን ስድብ ነበር፣ ሰላምታ ነበር፣ ዞር በሉ ነበር፤ ድረሱልኝ ሆኖ ግን አያውቅም። እናቴ «ለታይ!» ብላ የጮኸችው ከበሮውና ጥሩምባው መሃል ጠፋ። ሌሎቹ ልጆች ጎማውን አይተው ተበተኑ። ለታይ የምታየው አባቷን ነበር፣ እጇን ወደ እሱ ዘርግታ።

መኪናው ከቤታችን በታች የድንጋይ ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው «ፍሬን እምቢ ካለ ሰው ምን ያደርጋል?» ይሉ ነበር። አባቴም ለትራፊኩ፣ ለፖሊሱ፣ ለንስሐ አባቱ የተናገረው ያንኑ ነው፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ።» ውሸት አልነበረም። ያን ሁሉ ጆንያ ያለ ማርሽ ለብቻው ተሸክሞ እንዲያወርድ የታዘዘ ፍሬን ግሎ፣ ጨሶ እምቢ ቢል ምን ይገርማል! ኣደይ ምሕረት ያን ነጭ ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰው ከድንኳኑ ጥግ ሆነው ያለቅሱ ነበር፤ አባቴ እሳቸው ወዳሉበት አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየም።

ጥቂት ታስሮ ተፈታ፤ የገዛ ልጁን የገደለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይቀጣል ተባለለት። እናቴ ግን ቅጣቱን ቤት ውስጥ አዘጋጅታ ጠበቀችው። የለታይ አርባ በወጣ ማግስት ምሳውን ፊቱ አስቀምጣ፣ እጁን አስታጥባ፣ ከአጠገቡ ቆመችና ድምፅዋን ሳታነሳ «ማርሽ ውስጥ ነበር?» አለችው። አባቴ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀምጦ ተነሳ። በማግስቱም ጠየቀችው። ምግብ አልከለከለችውም፣ ልብሱን ማጠብ አልተወችም፣ አልሰደበችውም፤ ከዚያች ጥያቄ በቀር ግን የምታወራው ነገር አልነበራትም። ሊበላ ሲቀመጥ «ማርሽ ውስጥ ነበር?»፣ ጫማውን ሲያስር «ማርሽ ውስጥ ነበር?» እሱም አንድ ቀን እንኳ አዎ ወይም አይደለም አላለም። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ አበላሌን እቆጣጠር ነበር፣ ማኘኬ እንዳይሰማ።

ነሐሴ በመጣ ቁጥር የለታይን ጥልፍ ቀሚስ ከሳጥን አውጥታ ታለብሰኝና አባቴ ፊት ታቆመኝ ነበር። «እያት» ትለዋለች፣ ሌላ ምንም አትጨምርም። መጀመሪያ ቀሚሱ መሬት ይጠርግ ነበር፣ በዓመት በዓመቱ እየተጠጋኝ ሄደ፣ አንድ ነሐሴ ልኬ ሆነ፣ ከዚያም ጠበበኝ። ጨፍሬበት አላውቅም። እናቴን በዚያ ነገር ጠልቻት ነበር፤ አባቴን ደግሞ ቀና ብሎ ስለማያየኝ ጠላሁት።

መንጃ ፈቃዱ ሲመለስለት ሌላ መኪና ይዞ እንደገና መንዳት ጀመረ። መጀመሪያ በመጣበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ነበር፣ እናቴም ደፉ ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ ላይ ጣለች። ሞተሩ ከአፋፉ ጀምሮ አንዴም ዝም ሳይል፣ በማርሽ ተይዞ እያጓራና እያቃሰተ፣ ከእግረኛ በማይፈጥን አካሄድ ወረደ። ጥሩምባ አልተነፋም። ሴቶቹ «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ሰማሽ? ሲፈልግ ይችላል» አለችኝና ገብታ ምሳውን ማቅረብ ጀመረች።

እናቴ ከሞተች ቆየች። እስከ መጨረሻው ትጠይቀው ነበር፤ ታማ በተኛችበት ሰሞን እንኳ ውሃ ሊያጠጣት ሲደገፋት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እሱም ኩባያውን ከንፈሯ ላይ አስደገፈው። መንገዱ ዛሬም ያው ነው። ሠላሳ የሚለው ምልክት ዘንድሮም ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ነዳጅ የጠፋ ጊዜ ደግሞ ከአፋፉ ላይ ሞተራቸው ዝም እያለ የሚለቀቁትን ቆሜ ሰምቻለሁ፣ የማን አባት እንደሆኑ አላውቅም።

አባቴ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። የዓይን ሐኪሙ ኲሓ ስለሆነ እኔ ነኝ በትንሿ መኪናዬ የማመላልሰው። ስንመለስ አፋፉ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ሠላሳን ሳላልፍ መውረድ እጀምራለሁ። ከኋላ የጭነት መኪና ይመጣና መብራት ያበራብኛል፣ ጥሩምባ ይነፋብኛል፣ ካልቻለም ታጥፎ እያለፈ በመስኮት «ሴት!» ይለኛል። አባቴ ጥሩምባውን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ ይላል። የበሩን እጀታ ይይዛል፣ እናቴ ትይዘው በነበረበት አያያዝ። መኪናዬ አዲስ ስለሆነች ሞተሯ አይሰማውም፣ እጄም የት እንዳለ አያይም።

«ጓለይ» ይለኛል፣ «ማርሽ ውስጥ ነው?»

መልሱ አንዲት ቃል ናት። አዎ ብለው፣ ወይም እሱ ያኔ ለእኔ እንዳለኝ «ኣጆኻ» ብለው እጁ እጀታውን ይለቅለታል። ደግሞ ይጠይቀኛል፣ «ጓለይ፣ ማርሽ ውስጥ ነው ወይ?» ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ለታይ ከበሮዋን ይዛ በቆመችበት በኩል እናልፋለን። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ አልመልስለትም።