ከጣና በታች ያለው አገር

ባለፈው ኅዳር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ድርሰት አጽፌ፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዤ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ከውኃ ተነቅሎ የተከመረ የእምቦጭ አረም ፀሐይ መትቶት ሲበሰብስ የሚሸተው ሽታ ነው፤ ግማሹ የረጠበ ጭድ፣ ግማሹ የሞተ ዓሣ ይመስላል። ሾፌሩ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ነዳ። እኔ ግን ጭኔ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የጻፉት ከዚህ ዓለም ተጠርቶ ወደ ሌላ ዓለም ስለሚሄድ ሰው ነበርና። ስልካቸው ላይ ከሚያዩት ፊልም እንደቀዱት አውቃለሁ። አንድ ተራ ልጅ መንገድ ሲሻገር መኪና ይገጨዋል፤ ዓይኑን ሲገልጥ በማያውቀው ቤተ መንግሥት ወለል ላይ ተኝቷል፤ ጠንቋዮች ከበውት አዳኛችን መጣ ይላሉ። ይህን አትጻፉ አልላቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ስትፈጥሩ ማን እንደጠራው፣ ለምን እንደጠራው፣ በምን እንደሚመለስ አስቀድማችሁ ወስኑ እላቸዋለሁ። ይህን ትምህርት ያገኘሁት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም።

ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ደንገል ከጓሮው ድረስ በሚበቅልበት የሐይቅ ዳር ሰፈር ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበርና ከናዝሬት ተቀይሮ ሲመጣ በርካሽ ያገኘው የኪራይ ቤት ከጋሽ ኑሩ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። ጋሽ ኑሩ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ታንኳም ይሠራሉ። የደንገል ታንኳን ላላየ ሰው ላስረዳ፤ ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ እየተነባበረ በገመድ ተጠፍሮ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ምስማር የሚባል ነገር አይነካውም። ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ ሲመለስ ከሐይቁ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። ልጅነቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚታዩኝ በጋሽ ኑሩ ግድግዳ ላይ እንደ ረጃጅም እንግዶች ተሰልፈው የቆሙት ታንኳዎች፣ ከሥራቸውም ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ነው።

ፈትያ የጋሽ ኑሩና የእትዬ ዘሃራ ትንሿ ልጅ፣ የኔ እኩያና የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከጣና በታች ያለውን አገር የፈጠረችው እሷ ናት። ያ አገር የሐይቁን ወለል እንደ ሰማይ ከታች ወደ ላይ አንጋጦ ያያል፤ የኛ ታንኳዎች ለነሱ ደመናዎች ናቸው፣ ዓሦች ወፎቻቸው ናቸው፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ሲያልፍ ሕፃናት ከቤት እየወጡ ይቈጥራሉ። ንጉሣቸው እንደ አምባዛ ዓሣ ረጅም ጢም አለው፤ ሲናደድ ጢሙን ያኝካል። ፈትያ ይህን ሁሉ አባቴ ከፋብሪካ በሚያመጣልን የክር ካርቶን ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች፤ እኔ ደግሞ ሕግ አወጣለሁ። ያን ጊዜም ነገር ሁሉ ሥርዓት ይዞ ካልሄደ ደስ አይለኝም ነበር። ያ አገር ችግር ሲገጥመው ከኛ ዓለም ሰው ይጠራል አልን፤ የተጠራውም ሰው የሚያድናቸው እዚህ በሚያውቀው ሥራ ብቻ ነው አልሁ፣ በአስማት ማምለጥ አይቻልም፤ ሥራው ሳያልቅም ወደ ቤቱ አይመለስም።

መጀመሪያ ያስጠራነው የጢስ ዓባይ ሚኒባስ ረዳትን ነበር። ልጁን በየቀኑ መናኸሪያው በር ላይ እናየዋለን፤ ድምፁ የጎረነነ፣ አንድ እግሩ ሁልጊዜ ከመኪናው ውጭ የሆነ ነው። በፈትያ ታሪክ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ ወለል ላይ ሲነቃ ንጉሡን ቀና ብሎ አይቶ፣ ጋሼ ጠጋ ይበሉ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ አላቸው። ጦር የከበበውን ሕዝብ ሁሉ በአንዲት ጀልባ ጠቅጥቆ ያወጣውም እሱ ነው፤ ሽማግሌውን ከሕፃን፣ ጄኔራሉን ከፍየል ጋር አጣብቆ። ከዚያም የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ፣ ቀጥሎም የአባቴን አለቃ አስጠራን። አለቃው እዚያ ሄዶ ስብሰባ ከመጥራት በቀር የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ቀረ።

የፈትያ ታላቅ ወንድም ሰዒድ መረቡን እየጠገነ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን አያወጣም። እኔንስ መቼ ነው የምታስጠሩኝ እያለ ይለምነናል፤ ፈትያም በዓሣ አጥማጅ ማን ተጠቅሞ ያውቃል፣ ሄደህ ወፎቻቸውን ልትጨርስባቸው ነው እያለች ትመልሰዋለች። እሱም ቅር እንደተሰኘ ሰው መረቡን ፊቱ ላይ ይከናነባል።

የዚያን ዓመት ክረምት እንደወጣ እምቦጩ ከወትሮው ብሶ መጣ። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ከሩቅ ላየው ያምራል። የሚገድለው ግን ከሥሩ ነው፤ መረብ ይይዛል፣ መቅዘፊያ ይጠመጥማል፣ ቆርጠው ሲጥሉት ከቁራጩ ሌላ ይበቅላል። ሰዒድ አንድ ቀን ማለዳ መረቡን ሊያነሣ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰዒድም ያውቃል፤ መረቡ እምቦጭ ይዞበት እሱን ሲያላቅቅ ቆይቶ ይሆናል ተባለ። በማግሥቱ ታንኳው ብቻውን እምቦጩ መሀል ተወትፎ ተገኘ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ፈለጉ፤ ሰዒድ አልተገኘም። በግድግዳው በኩል የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ይሰማን ነበር፤ እናቴ ሬዲዮኑን ዘግታ፣ እኛንም በሹክሹክታ እንድናወራ አድርጋ ሰነበተች።

ሽማግሌዎቹና ሸሁ መጥተው ውኃ የወሰደው ሰው ሸሂድ ነው፣ እንደ ሰማዕት ይቈጠራል፣ አስከሬኑ ባይገኝም በሌለበት ይሰገድለታል ብለው ተናገሩ። እትዬ ዘሃራ እንቢ አሉ። ያላየሁትን ሬሳ አልቀብርም አሉ፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውንም ሰው ከደጃፍ መለሱ። በዚያው ሰሞን ነው ፈትያ በግድግዳችን ጥግ አስቀምጣኝ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ግን እንደወትሮው ሆኖ፣ «ተጠርቶ ነው» ያለችኝ።

እንዲህ ነበር ያቀናጀችው። እምቦጩ የዚያን አገር ሰማይ ሸፍኖታል፤ ቀኑ ጨልሟል፣ ወፎቻቸው አልቀዋል። እምቦጭ ማላቀቅ የሚያውቅ ሰው ስለሌላቸው ሰዒድን ጠሩት። ሰማዩን ጠርጎ ሲጨርስ ይመጣል። ካወጣናቸው ሕጎች አንዱም አልፈረሰም። ፈትያ ይህን ለኔ ብቻ ነግራ ብትተወው ኖሮ የሁለት ሴት ልጆች ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ለእናቷ አነበበችላቸው።

እትዬ ዘሃራ ፊደል አልቈጠሩም፤ ካርቶኑን ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፉ ላይ ይጠብቁናል። ዛሬስ የት ደረሰ ይላሉ፤ በልቷል ወይ፣ ብርድ አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ፈትያም ሳትጽፍ ማደር አቃታት። የሰዒድን ታንኳ እትዬ ዘሃራ ማንም እንዳይነካው ከልክለው በየቀኑ ራሳቸው ወደ ፀሐይ ያዞሩት ነበር። ይህም ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አንድ ቀን ከክፍል ስንመለስ ደጃፉ ላይ አጣናቸው፤ ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው እምቦጭ በእጃቸው እየነቀሉ አገኘናቸው። ሰማዩ ሲጠረግ ነው የሚመጣው አላላችሁም አሉን። እሱ ከታች ሲጠርግ እኔ ከላይ ላግዘው ብለው ነው።

በየቀኑ ገቡ። ጠዋት የነቀሉት ቦታ በሳምንቱ ተመልሶ ይሸፈናል። እጃቸው ተላጠ፣ ማሳል ጀመሩ፣ እህል ሲቀርብላቸው ሥራ አለብኝ ይላሉ። ዋና አያውቁም ነበር፤ እኛም ዳር ቆመን ውኃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ እናያለን። አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲገፋቸው ሥሩ እግራቸውን ይዞ ጣላቸው፤ ጋሽ ኑሩ ከነልብሳቸው ገብተው በነጠላቸው ጎትተው አወጧቸው። በማግሥቱ እትዬ ዘሃራ ተመልሰው ገቡ።

ያን ቀን ጋሽ ኑሩ ታንኳ እያሰሩ ነበር። እኔና ፈትያን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡን፤ ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው ከሳቡ በኋላ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ፈትያ፣ ያን ልጅ ከዚያ አገር አውጪው።»

«እንዴት አድርጌ አባ? ሥራው አላለቀም።»

«ይምጣ አላልሁሽም። ቅበሪው ነው ያልሁሽ። እናትሽ እኔን አልሰማች፣ ሸሁን አልሰማች። አንቺን ነው የምትሰማው። ነገ ውኃው ሲወስዳት እሷንስ ማን ጠራት ልትዪ ነው?»

ወደ እኛ ጓሮ ስንሄድ ፈትያ፣ የተጠራ ሰው እዚያ ሊሞት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አስቤ፣ አይሞትም የሚል ሕግ እንዳላወጣን ነገርኋት። ከኔ የፈለገችው ግን እንደማይቻል እንድነግራት ነበር፤ ይህ የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው።

በማግሥቱ እትዬ ዘሃራ ከውኃው ወጥተው ቀሚሳቸውን ሲጨምቁ ፈትያ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ካርቶን አልያዘችም። ሰዒድ ከንጉሡ ቤት በላይ ያለውን ሰማይ ጠርጎ እንደጨረሰ፣ ፀሐይ እንደገባላቸው፣ ሕፃናቱም ወጥተው እንዳጨበጨቡለት ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ሥር እግሩን እንደያዘውና እንዳልተነሣ ተናገረች። እትዬ ዘሃራ ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የሰፈር ሞት እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብለው ጀመሩ።

«አጠቡት?»

«አጠቡት።»

«ወንዶች ናቸው?»

«ወንዶች ናቸው እማ።»

«እዚያ ውኃው ሁሉ ሐይቅ ነው። በምን ውኃ አጠቡት?»

«በዝናብ ውኃ። አጠራቅመው ያስቀምጡታል።»

«ከፈኑት?»

«በነጭ ጨርቅ።»

«ቂብላውንስ ያውቁታል?»

ፈትያ ወደ እኔ ዞረች። ያ አገር ቤተ መንግሥት ነበረው፣ ገበያ ነበረው፣ መናኸሪያ ሳይቀር ሠርተንለታል፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ግን አልሠራንለትም። የመካ አቅጣጫ በየት እንደሆነ የምንጠቅሰው ሕግ አልነበረንም። እትዬ ዘሃራ የልጃቸውን አፍ እያዩ ይጠብቃሉ፤ ፈትያ አንድ ቃል ብትሳሳት ተነሥተው ወደ ውኃው እንደሚመለሱ ሁለታችንም አውቀናል።

«እሱ ሲሰግድ ያዩት ነበር» አለች። «ወዴት እንደሚዞር ያውቃሉ። ወደዚያው አዞሩት።»

እትዬ ዘሃራ የእጃቸውን ጭቃ ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «አባትሽን ጥሪው» አሉ። «ይስገዱለት።»

ዓርብ ተሰገደለት። ድንኳን ተተከለ፤ እናቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች፤ እትዬ ዘሃራም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር አለቀሱ። ወደ ሐይቁ ዳግመኛ አልገቡም። የሰዒድን ታንኳ ጋሽ ኑሩ ገመዱን ፈትተው ደንገሉን ለከብት ማደሪያ በተኑት። ፈትያ ከዚያ ቀን በኋላ አልጻፈችም። እኔ ካርቶን ይዤላት እሄዳለሁ፤ ተቀብላ እሳት ታቀጣጥልበታለች። ክፍል ውስጥ ድርሰት ሲታዘዝ ስለ ዝናብ ጥቅም፣ ስለ ንጽሕና፣ መምህሩ የፈለገውን ያህል ብቻ ጽፋ ታስረክባለች። ለተማሪዎቼ ዛሬ የማስተምረውን ሁሉ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ነበር።

ያ የጭቃ ግድግዳ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የመዝናኛ ቤት ተሠርቶበታል። ጋሽ ኑሩ ሞተዋል። ፈትያ ቆላ ድባ ከተማ አግብታ የእህል ሱቅ አላት፤ እትዬ ዘሃራም ከሷ ጋር ናቸው። ያ ሽታ ከተቀበለኝ በኋላ በጥር ዕረፍት ልጠይቃቸው ሄድሁ። በመንገድ ላይ ያን አገር እንደገና ልጽፈው ሞከርሁ፤ ሕጎቹን አንድ በአንድ አስታወስሁ፤ የፈትያን ዐረፍተ ነገሮች ግን አንዱንም እንዳለ ላገኘው አልቻልሁም። ሕግ ማንም ያወጣል። የጠፋው ሌላው ነው።

ፈትያ ጤፍ እየሰፈረች አወራን። ትንሿ ልጇ፣ ያኔ እኛ ከነበርነው ታንሳለች፣ መምህርት መሆኔን ስትሰማ ተረት ንገሪኝ ብላ ጉልበቴ ላይ ወጣች። ሌላ ስላልመጣልኝ ስለ ረዳቱ ነገርኋት፤ ጄኔራሉና ፍየሉ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳታወጣ። እትዬ ዘሃራ ጥግ ላይ የጸሎት መቍጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቈጥሩ ነበር። ልጅቷ ከረዳቱ በኋላ ማን ተጠራ ብላ ጠየቀችኝ። የእትዬ ዘሃራ ጣቶች ቆሙ። ወደ ፈትያ ዞርሁ፤ እሷ መስፈሪያውን በእጇ እየደለደለች ቀና አላለችም።

«አልቋል በያት» አለችኝ።

አልቋል አልኋት።