ሁለት ቢጫ ጃኬቶች

ልብስ ሰፊውን ደንበኞቻቸው «ሚሊሜትር» ይሏቸዋል። ስም የሚያወጣ ሰው መቼም አይጠፋም፤ ይህኛው ግን አልተሳሳተም። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ አንድም ቀን ለደንበኛ «ሲለበስ ይለቃል» ብለው አያውቁም። የጠበበውን ይፈታሉ፣ የሰፋውን ይፈታሉ፣ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየም ቢሆን ይፈታሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ፣ «ሳይፈታ የቀረው የእኔ ትዳር ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እኚህ ሰው ካለፈው ዓመት ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል። የዓይን ሞራ ነው፤ አባታቸውንም እንዲሁ አድርጎ ነበርና ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የቅርቡን ሥራ ጨርቁን ወደ መስኮት አስጠግተው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ይወጡታል። ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለው ግን ጭጋግ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ፊት የለውም። ዓይኑ ለደከመ ሰፊ ማን ጨርቁን አምኖ ይሰጣል ብለው ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። ኩራትም አለበት፤ እሱን እዚህ ብንደብቅላቸው ምንም አይጠቅማቸውም።

ክሩን የምታስገባላቸው የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናት። ቤት ውስጥ «ዳኛ» ይሏታል፤ ማን ምን እንደወሰደና ማን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት የምትወስነው እሷ ስለሆነች። «ይህ የእኔና የአንቺ ጨዋታ ነው፤ ለማንም አይነገርም» ብለዋታል፤ እሷም ፋይሉን ዘግታዋለች። የአራት ዓመቱ ወንድሟ «ሞተር» ይባላል። ለምን እንደተባለ አንድ ቀን አብሮት የዋለ ሰው አይጠይቅም።

የልጆቹ እናት፣ የሰፊው አንድ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜም አትቀርም። ልጆቹን ቅዳሜ የምትይዝላት ጎረቤት ቤት ስትቀይር አባቷ «እኔ አለሁ» አሏት። እሷ ግን አመነታች። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመው፣ እሷ «አባዬ!» ለማለት አፏን ስትከፍት ዝም ብለው አልፈዋት ነበር። ማታ ስትጠይቃቸው፣ «ሐሳብ ይዞኝ ነው እንጂ አይቼሽ ባልፍ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብለው ማሉላት። መሐላው በግማሽ አስቀድሞ መድረሱን አልነገሯትም።

«እስቲ አንድ ቅዳሜ እንሞክረው» አለች በመጨረሻ። «በደህና ውላችሁ ከገባችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንተ ናቸው። ካስቸገሩህ ግን የልጆች መዋያ አስገባቸዋለሁ።»

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቅዳሜ ማለት ለሰፊው ከግድግዳ ጋር ተፋጦ መዋል ነው። ይህችን ቅዳሜ እንዴት እንደፈለጓት አፍ አውጥተው መናገር አልቻሉም። መላ ፈለጉ፤ መላውም እንደ ሙያቸው ሆነ። ለመንገድ ሠራተኞች ከሰፉት ሰደርያ የተረፈ ቢጫ ጨርቅ ነበራቸው፤ ጭጋጉንም ሰንጥቆ የሚታይ ዓይነት ነው። ከእሱ ሁለት ጃኬት ሰፉ፣ ለዳኛም ለሞተርም፣ ባለ ገበር፣ ባለ ትልልቅ ቁልፍ።

«አባዬ፣ ልጆቼን አስፋልት የሚያነጥፉ አስመሰልካቸው እኮ!» ብላ ልጃቸው ሳቀች።

«ቢጫ ለልጅ ያምራል» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛ ግራ እጃቸውን፣ ሞተር ቀኝ እጃቸውን ይዘው ወደ ትልቁ መናፈሻ ሄዱ። መሻገሪያው ጋ «አሁን» የምትላቸው ዳኛ ነበረች። መናፈሻው ከበሩ ሲገቡ ማለቂያ የለውም፤ ሣሩ፣ ከዚያ ወዲያ ኩሬው፣ በስተግራ የልጆች መጫወቻው። ሰፊው ከመጫወቻው ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ወንበር መርጠው ተቀመጡ።

ሸርተቴው ላይ አንድ ቢጫ፤ አሸዋው ላይ አንድ ቢጫ። አንድ፣ ሁለት። ልባቸው ቦታው ተመለሰ። ልጆቹ ሲሮጡ አብረው ይቆጥራሉ፤ አንድ፣ ሁለት። አንዱ ቢጫ ወደ ኩሬው ዳር ሲሄድ ብድግ ይላሉ፤ ሲመለስ ይቀመጣሉ። አንድ ሰዓት እንዲህ ሆነ። ይህ እኮ ምንም አያቅትም፣ አሉ በልባቸው፤ ሰው በከንቱ ነው ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው እያለ የሚያማርረው። እንዲህ ሲደላቸው ነበር መፍራት የነበረባቸው።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ተነስተው ሞተርን ከሸርተቴው ሥር ያዙት። ሁለተኛውን ቢጫ ከኋላው ደርሰው፣ «ነይ ዳኛ፣ ራበን» ብለው ትከሻውን ያዙ። እጃቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ደነገጠ። ትከሻው ሁለት ጣት ይሰፋል። ጃኬቱ የእሳቸው ነው፤ የቁልፉን ቀዳዳ ስፌት በጣታቸው አወቁት። ውስጡ ያለው ልጅ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው።

«ልጄን ምን እያደረጉት ነው?» አለች አንዲት ሴት፣ እየሮጠች መጥታ።

«ይህን ጃኬት ማን ሰጠው?»

«ውሃ ውስጥ ገብቶ ልብሱ ረጥቦ ነበር» አለች ሴትየዋ። «አንዲት ልጅ ናት አውልቃ ያለበሰችው። እስኪደርቅ ይልበሰው፣ ከዚያ ይመልሳል ብላ ፈረደችለት።»

ሰፊው ዙሪያቸውን ቃኙ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፤ ፊት የሌላቸው ልጆች ይሯሯጣሉ። ኩሬው እዚያው አለ። «ዳኛ! አንቺ ልጅ!» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ለራሳቸውም ቁጣ መሰላቸው።

የመናፈሻው ጥበቃ መጣ። «ምን ለብሳለች?» አላቸው።

ሰፊው ከጃኬቱ ሥር ምን እንደለበሰች አላዩም። አርባ ዓመት ሰው ያለበሱ ሰውዬ፣ የገዛ የልጅ ልጃቸው ምን እንደለበሰች አያውቁም።

«እሺ፣ ምን ትመስላለች?»

«ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥራ አራት ነው። ትከሻዋ ሃያ ስምንት። እጅጌዋ አርባ...»

«አባት፣ የጠፋብዎ ልጅ ነው ወይስ ካፖርት?» አለ ጥበቃው። ክፉ ሰው ስላልሆነ ወዲያው ቆጨው፤ ወደ ኩሬው ሮጠ።

ሰፊው ሞተርን እንደጨበጡ ሣሩ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡና፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «የኔ ልጅ፣ የት ነሽ?» አሉ። ይህንን ሲሉ ከሸርተቴው ኋላ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ቀስ ብላ ወጣች። አጠገባቸው ስትደርስ ፊት ወጣላት፤ ዳኛ ናት።

«አባባ፣ አትቆጣኝ። ጃኬቱን የሰጠሁት ስለበረደው ነው።»

«ማን ተቆጣሽ?»

«ዥዋዥዌ ላይ ሆኜ እጄን ሳውለበልብልህ እያየኸኝ ዝም አልከኝ። ደግሜ ሳውለበልብ ፊትህን አዞርክ። ከዚያ ጮህክ። ስለዚህ ተደበቅኩ።»

ዥዋዥዌው ከአግዳሚው ወንበር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰፊው ልጅቷን ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ጥበቃው ከሩቅ አይቷቸው ተመለሰ፤ ሴትየዋም ጃኬቱን አምጥታ አጠገባቸው አስቀምጣ ሄደች።

«አላየሁሽም» አሏት። «ስጠብቅ የዋልኩት ቢጫውን ነው።»

ዳኛ ነገሩን መረመረች። «እንደ መርፌው ቀዳዳ ሆኜብህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ከመርፌ እበልጣለሁ።»

«ትበልጫለሽ። ችግሩ እሱ ነው።»

እሷም ዞር ብላ ወንድሟን፣ «ሰማህ? ለእማዬ አንነግራትም። ጠፍታ ነበር ከተባለ ቅዳሜ ይቀራል» አለችው።

ማታ ልጃቸው ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እህ፣ እንዴት ዋላችሁ?» አለች።

«በጣም ጥሩ!» አለች ዳኛ ፈጠን ብላ። «አባባ ከዓይኑ ሳይለየን ዋለ። አንዴም።»

ሞተርም ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ተብሎ እንደተነገረው አልረሳም። ሰፊው ልጅቷን አዩ። አጠገባቸው ስለነበረች ፊቷ በደንብ ይታያቸዋል፤ ውሸት አልለመደችምና ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል። እውነት ካልሆነ በስተቀር ፈርዳ የማታውቅ ልጅ፣ ለእሳቸው ስትል ዋሸች።

«ውሸቷን ነው» አሉ። «ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም፣ ልጄ። ዛሬ ልጅሽ ሃያ እርምጃ ላይ ሆና ስታውለበልብልኝ አላየኋትም፤ ጠፋችብኝ። ያን ቀን መንገድ ላይም አንቺን አላየሁሽም።»

ልጃቸው ተቆጣች፤ ብትቆጣ አይፈረድባትም። «ልጆቼን ይዘህ አስፋልት ስትሻገር ምን ብለህ ነው? ለኔ ለልጅህ ሳትነግር?»

«ቅዳሜን ፈልጌ ነው።»

«ሐኪም ሳያይህ ቅዳሜ የለም። ሰኞ አስፈቅጄ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«እሺ።»

«አባባ፣ ለምን ነገርካት?» ብላ ዳኛ ማልቀስ ጀመረች።

እናትየዋ አባቷን አየቻቸው። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ኮሪደሩን አልፋ እስከ ውጭው በር ድረስ፤ እዚያ ቆመች። ሰፊው ኮቴዋ ሲቆም ሰሙ። ምን እያደረገች እንደሆነ ግን አልታያቸውም፤ በበሩ ብርሃን ላይ አንድ ጥላ ብቻ ነበር። ዳኛ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«እያውለበለበችልህ ነው፣ አባባ።»

ሰፊው እጃቸውን አንስተው ወደ በሩ አውለበለቡ።